የፊታውራሪ ወንድይራድ ምህላ

ፊታውራሪ ወንድይራድ ልጃቸውን ሊድሩ በግንቦት ዳስ ባስጣሉ ማግስት፣ አገሬው ሰማይ ሰማይ ሲያይለት የከረመው ዝናብ መጣ። ገበሬው ተመስገን ሲል ዳሱ ያፈስ ጀመር። ፊታውራሪም ተቆጡና፣ ሰርጉ እስኪያልፍ ዝናቡ እንዲቆም ሕዝቡ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ምህላ እንዲያደርስ፣ የቀረም ከመሬታቸው እንዲነቀል አዋጅ አስነገሩ።

ከጭሰኞቻቸው መካከል አንዲት ምላሷ የማያርፍ ባልቴት ነበረች። ማሽላዋን የዘራችው ገና ትናንት ነው። ከምህላው ብትቀር መሬቷ ይሄዳል፤ ዝናቡ ቢቆም ደግሞ ዘሯ ደርቆ ይቀራል። እያጉረመረመች ሄደች። ሰዉ ጭቃው ላይ እየወደቀ እየተነሣ «እግዚኦ» ሲል፣ እሷ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከንፈሯን ገጥማ ቆመች።

ፊታውራሪ ከጃንጥላቸው ሥር ሆነው አዩዋት።

«አንቺ፣ ሰው ሁሉ ሲጸልይ ምን ይዘጋሻል? የተጣላሽው ከእኔ ነው ወይስ ከፈጣሪ?»

እግዚኦታው ቀጥ አለ። ቄሶቹም ሳይቀሩ ዞረው አዩዋት።

«ኧረ እኔስ ከማንም አልተጣላሁ፣ ጌታዬ» አለች እጅ ነስታ። «አባታችን ሆይ ብዬ ጀምሬ ነበር። ፈቃድህ በሰማይ እንደ ሆነች በምድርም ትሁን የሚለው ላይ ስደርስ ግን ጨነቀኝ። የእሱ ፈቃድ ይኸው እየዘነበ ነው፤ የእርስዎ ፈቃድ ደግሞ እንዲያባራ ነው። እኔን ደሃዋን በጌቶች ጠብ ምን ጥልቅ አደረገኝ? እስክትታረቁ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»