የ«ደጃፍ» መጽሔት ጥግ ለምን እንደሚቀደድ

በዋንዛ ሜዳ ከተማ «ደጃፍ» የምትባለው የኪነ ጥበብና የባህል መጽሔት ያለ ዋጋ የምትታደለውና የመጨረሻ ገጿ የታችኛው ቀኝ ጥግ በእጅ ተቀዶ የሚወጣው በመምህር ልሳነወርቅ ገነቱ ጥፋት ነው። ታሪኩን ስሙን ሳያነሱ የሚያወሩ አሉ፤ አዋቂ ሰው ነበር፣ ይሸፈንለት ባዮች ናቸው። የበደለ ሰው ስሙ ከፊት ይጠራ እንጂ ምን ይሸፈንለታል? እንግዳ ሰው መጽሔቷን ሲቀበል ገልበጥ አድርጎ ያይና «ይቺማ ተቀዳለች፣ ደህናዋን ስጡኝ» ይላል። ደህናዋ እሷ ናት። ጥጓ ያልተቀደደ ከተገኘ እሷ ናት ጎደሎዋ፤ ለምን እንደሆነ ሽማግሌዎች የሚሉት እንዲህ ነው።

ነገሩ የሆነው፣ እንደሚነገረው፣ ግራዝማችና ቀኛዝማች የሚባል ማዕረግ ሊቀር ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። በዚያን ዘመን በከተማው አንጓች ቸኮል የምትባል አልቃሽ ነበረች። አልቃሽ ሲባል ዓይኗን ማሸት የምታውቅ ሁሉ እንዳይመስላችሁ፤ አንጓች ሙሾ ስታወርድ የሟች ጠላት እንኳ ነጠላውን ወደ ዓይኑ ይሰዳል ይባል ነበር። ፊደል የቆጠረችው ጎልማሳ ሆና ነው፤ አንድ ቃል ለማንበብ እያንዳንዱን ፊደል በጣቷ እየተጫነች ትሄዳለች፤ በጭንቅላቷ የያዘችው ግጥም ግን በአህያ ቢጫን የማይቻል ነበር። ይህንንም ታውቀዋለች፤ የማያውቅ ሰው ካለም ትነግረዋለች።

በልጅነቷ የግራዝማች ዳምጤ ሚስት ነበረች። ሰባት ዓመት ኖረው ልጅ አልወለድሽም ብለው ፈቷት፣ ሌላ አገቡ፣ አትጠገብ የምትባል ሴት ልጅ ወለዱ። የተፋቱ ዕለት አንጓች ሽማግሌዎቹ በተቀመጡበት ከደጃፋቸው ቆማ፣ «ከዛሬ ወዲያ ይህን ደጃፍ አልረግጥም፤ ስትሞትም አንዲት ቃል አላወጣልህም!» ብላ ማለች። ሠላሳ ዓመት አለፈ፣ ሁለተኛዪቱም ሚስት ሞቱ፣ አንጓች መሐላዋን አላጠፈችም። በመንገድ ሲገናኙ እሳቸው ባርኔጣቸውን ያነሳሉ፣ እሷ ዛፍ ታያለች። ከተማው ሁሉ የግራዝማች ዳምጤ ቀብር ሙሾ የሌለበት ደረቅ ቀብር እንደሚሆን አውቆት ተቀምጧል፤ እሳቸውም ያውቁታል፣ ሲጠጡም ያነሱታል ይባላል።

ይህ ልሳነወርቅ ደግሞ የትምህርት ቤቱ የአማርኛ መምህር ነበር። በትምህርት ቤቱ ማባዣ መኪና «የጥበብ ችቦ» የምትባል መጽሔት አውጥቶ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ላይ በአሥር ሳንቲም ያሸጥ ነበር። የሠርግ ዘፈን፣ የሸማኔ ጥበብ፣ የእረኛ ዋሽንት፣ ያገሩን ነገር ሁሉ እየዞረ በደብተር ይጽፋል። አንድ ቀን አንጓች ደጅ ተቀምጣ ስትፈትል መጣና የድሮ ሙሾ ንገሪኝ አላት። የሟቾችን ሁሉ ነገረችው። ከዚያ እጇ እንዝርቱን እያሾረ፣ ምን እንደነካት እንጃ፣ ማንም ሰምቶት የማያውቀውን አወጣችው፦

«ምነው ዛሬ በዛ የደጃፍህ ጫማ፣
ቤትህ ሰው ሞልቶበት ድምፅህ ካልተሰማ።
ለገበያው መስሏል ማማሬ ማጌጤ፣
ላንተው ነበር እንጂ የልቤ ሰው ዳምጤ።»

እንዝርቱ ቆመ። ግራዝማች ያን ጊዜ ታመው ከአልጋ ከዋሉ ወር ሆኗቸዋል። መሐላዋን እንደማታፈርስ ታውቃለች፤ ግን ቃሉ ሠላሳ ዓመት በሆዷ ሲበስል ኖሮ ማን ይከልክለው?

«ጻፍከው?» አለችው።

«ጻፍሁት፣ እትዬ አንጓች።»

«ሰውየው እስኪያርፉ ከደብተርህ ቢወጣ ውርድ ከራሴ። ካረፉም በኋላ የማን እንደሆነ አትናገር።»

«እናቴን!» ብሎ ማለ።

የልሳነወርቅ እናት ምን አጠፋች? በሳምንቱ ቅዳሜ አንጓች ጥጥ ልትገዛ ገበያ ወርዳ ከጨው ተራ ስትደርስ፣ አንዲት ባለ ጉልት ነጠላዋን አስተካክላ ተነሥታ፣ «እትዬ አንጓች፣ እግዜር ያጥናሽ። ለካስ ትወጃቸው ኖሯል» አለቻት። ከጎኗ አንድ ልብስ ሰፊ መጽሔቷን ዘርግቶ ለተሰበሰበው ሰው ያነባል። በመጨረሻው ገጽ «ሙሾ በአንጓች ቸኮል» ይላል፤ የግራዝማች ስም ከስንኙ መጨረሻ ከታች ጥጉ ላይ ነው። አንጓች ወረቀቱን ቀማችውና ከታች ከጥጉ ላይ ጣቷን ጫነች። ዳ። ም። ጤ።

«ሞቱ እንዴ?» አለች፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«እኛማ ካንቺ ሰማን» አላት ልብስ ሰፊው።

እሳቸው አልሞቱም ነበር። ይልቅ የሆነውን ሲናገሩ የሚስቁም የሚያማትቡም አሉ። ከገጠር ለገበያ የመጣች የሥጋ ዘመዳቸው ሲነበብ ሰምታ፣ ነጠላዋን በወገቧ አስራ፣ ደረቷን እየደቃች «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለች በራቸውን በረገደችው። አምስት ቀን እህል ያልቀመሱት ግራዝማች ከአልጋቸው ቀና ብለው «ማን ሞቶ ነው?» አሉ። ሴትዮዋ እዚያው ወደቀች፤ ውሃ የተረጨው በሽተኛው ላይ ሳይሆን በለቀስተኛዋ ላይ ነው።

አንጓች ቤቷ ሳትደርስ አትጠገብ መንገድ ላይ ጠበቀቻት።

«አንቺ ሴት፣ አባቴን በቁሙ ቀበርሽው?»

«ወረቀቱን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።»

«ቃሉስ ያንቺ አይደለም?»

የኔ አይደለም ብትል ማን ያስረዳባታል? ልሳነወርቅ እንደሆን የማለውን የበላ ሰው ነው፣ አይታመንም። አንጓች ግን አንገቷን ቀና አድርጋ፣ «የኔ ነው። እንዲህ ያለ ቃል ደግሞ ከማን አፍ ሊወጣ ኖሯል?» አለች።

«እንግዲያው ስሚኝ» አለች አትጠገብ። «አባቴ በዚህ ሟርት ቢሞት ገዳዩ አንቺ ነሽ። ከእድሩ ትፋቂያለሽ፤ በዚህ ከተማ ሬሳ ባለበት ቤት ሁለተኛ አትቆሚም። ለውሻም አታለቅሺም!»

አንጓች ባል አልነበራት፣ ልጅ አልነበራት፤ የነበራት ያ ቃሏና ሰው ሲሞት «አንጓችን ጥሩ» መባሉ ነው። እሱ ከሄደ ምን ይቀራታል፣ እንዝርት? ከሁሉ የባሰው ግን ሌላ ፍርሃት ነበር። እውነት ቃሏ ሰውየውን ቢወስዳቸውስ? ለቁም ሰው ሙሾ ማውረድ ሞት መጥራት ነው ሲባል አድጋለች።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደች። ልሳነወርቅ እጁ በቀለም እንደጠቆረ ከማባዣው መኪና አጠገብ ቆሟል።

«ምን ብዬህ ነበር?» አለችው።

«እትዬ አንጓች፣ ሐሙስ ዕለት ቄሱ ገብተው አቆረቧቸው፣ ተስፋ የላቸውም ሲባል ሰማሁ። እስከ ቅዳሜ ያርፋሉ ብዬ… አንድ ገጽ ደግሞ ባዶ ቀርቶብኝ ነበር።»

«ገጽ ለመሙላት ሰው ትገድላለህ?»

«በሚቀጥለው እትም እርማት አወጣለሁ።»

«ምን ብለህ? ‹ይቅርታ፣ አልሞቱም› ብለህ? ተከተለኝ፣ አንተ ደብተራም!»

እየነዳችው ገበያ ወረደች። ሐሳቧ ስሙን ማጥፋት ነበር፤ ሌላው ቃል የማንም ሰው ሊሆን ይችላል፣ የሚጎትታቸው ስማቸው ነው። መጽሔቷን የያዘውን ሁሉ እየያዘች ከታች ከጥጉ ቅድድ ታደርጋለች። አንዳንዱ እጁን ዘረጋላት። ብዙው ግን ወረቀቱን ወደ ብብቱ ከተተ። «አሥር ሳንቲሜን ከፍዬበታለሁ፣ ንብረቴን ለምን ትቀጃለሽ?» አላት ልብስ ሰፊው፤ ሌላው ደግሞ «ሲሞቱ ዋጋ ያወጣል» ብሎ ሳቀ። ገበያው ሲበተን ስንቱ ገጠር ይዞት እንደወጣ የሚያውቅ አልነበረም። ልሳነወርቅ ከኋላዋ ቆሞ፣ «ባልሸጠው ኖሮ መልሱ እላቸው ነበር» አለ ይባላል። በሕይወቱ ከተናገረው ሁሉ ቁም ነገር ያ ነው።

ፀሐይ ስትጠልቅ አንጓች ደጇ ላይ ተቀመጠች። ጆሮዋ ሁሉ የእድሩ ጥሩምባ ላይ ነበር፤ በዋንዛ ሜዳ ሰው ሲሞት ጥሩምባ ነፊው ነው የሚናገር። ላም ባገሳ ቁጥር ብድግ ትላለች። አንድ ሰው ከታች ሠፈር ልጁን ሲጣራ ጥሩምባ ነፊው መሰላት። ጠላቷን ሠላሳ ዓመት ይሙት ብላ አታውቅም፤ አሁን ደግሞ ይኑር ብላ መለመኗን ስታውቀው በራሷ ላይ ተናደደች። ያም ሆኖ መለመኑን አልተወችም።

እሑድ ማለዳ ጥሩምባ ሳይሰማ ነጋ። የቅዳሴው ደወል ሲያበቃ አትጠገብ መጣች፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ በእጇ መጽሔቷን ይዛለች።

«አባቴ ይጠራሻል» አለች። «ማታ ሦስት ጊዜ አስነበበኝ። ከዚያ አጥሚት ስጡኝ አለ፣ ጠጣ። ምን እንደሚልሽ አላውቅም። ብቻ ቶሎ ነይ።»

አጥሚት የጠጣ ሰው ይድናል ወይስ መሰናበቻው ነው? አንጓች መንገዱን ሁሉ ያንን ስታወጣ ስታወርድ ሄደች። ልሳነወርቅም ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲያያቸው ያልተሸጡትን መጽሔቶች በጉያው ይዞ ተከተለ።

ግራዝማች አልጋቸውን ወደ በሩ አስጠግተዋል። ቤቱ በጠያቂ ተሞልቷል፣ የደጃፉም ጫማ በርካታ ነው፤ አንጓች ጫማውን አየች። ከደፉ ስትደርስ ቆመች። አልረገጠችውም።

«አንጓች» አሉ፣ ድምፃቸው የተሰነጠቀ ቅል ይመስላል፤ ግን ይሰማል። «አንዲት ቃል አላወጣልህም ብለሽ አልነበር?»

«አሁንም አላወጣሁም።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? ስሜ እኮ አለበት።»

ጠያቂው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ብትምል ውሸት፣ ብታምን መሐላዋ ሊፈርስ፣ ብትዘገይ ሰውየው ትንፋሻቸው አጭር ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እዚህ ላይ መናገር ይሻላል፣ ሁሉም ከዚያች ሰዓት የመጣ ስለሆነ። ግራዝማች አራት ክረምት ኖሩ የሚሉ አሉ፤ አይ፣ አርባ ቀን ነው የሚሉም አሉ። በቀብራቸው ዕለት አንጓች ከአጥር ውጭ ቆማ ግጥሙን እስከ «የልቤ ሰው» ድረስ አውርዳ ዝም አለች ይባላል፤ ስማቸውን አልጠራችምና መሐላዋም አልፈረሰም። ልሳነወርቅ ሁለተኛ መጽሔት አልሸጠም፤ ያልተሸጠ ነገር ሲሳሳቱ መልሱልኝ ይባላል ብሎ። «ችቦ» የሚለውንም ስም ተወው፣ አንጓች ባልረገጠችው ደጃፍ ስም ጠራት። እስከ ዛሬም «ደጃፍ» ስትወጣ ስለ ሰው የተጻፈ ካለ፣ ቀድሞ ለባለቤቱ በሩ ላይ ተቆሞ ይነበብለታል። የሁሉም የመጨረሻ ገጽ የታችኛው ጥግ ምንም ሳይጻፍበት ይቀርና ከመታደሉ በፊት በእጅ ይቀደዳል። መቀስ አይነካውም፤ መቀስ የሞከረ አንድ አዘጋጅ ነበር፣ አሮጊቶች መጽሔቱን አንቀበልም ብለው መለሱለት።

ያን እሑድ ጠዋት ግን አንጓች ይህን ሁሉ አታውቅም ነበር። ከአትጠገብ እጅ መጽሔቷን ወሰደች። ከታች ከጥጉ ላይ ጣቷን ጫነች፤ ዳ፣ ም፣ ጤ፤ ሦስቱንም አገኘቻቸው። ጥጉን ቀደደችና የቀረውን ወረቀት ደፉን ሳትረግጥ በክንዷ ዘርግታ ሰጠቻቸው።

«ይኸው» አለች። «አሁን የማንም አይደለም። ለኔ ነው የሚል ካለ ይውሰደው።»

ግራዝማች ወረቀቱን ደረታቸው ላይ አድርገው መሳቅ ጀመሩ፣ ሳቁ ሳል ሆነ፣ አትጠገብ ብድግ አለች። ሳሉ ረገበ። ተነፈሱ። እንደገና ተነፈሱ።

አንጓች ሦስተኛውን ትንፋሽ እስክትሰማ ቆየች። ከዚያ ዞር አለችና፣ ማንም ሳያያት፣ የተቀደደችውን ቁራጭ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሁለት ጊዜ አጠበቀቻት።