ከፏፏቴው ጀርባ ያለው በር

አንዲት ሴት ነበረች። ጅዳ የሰው ቤት ትሠራለች፤ ልጇ ያለችው ኮምቦልቻ ነው። እንዲህ ያለች ሴት የማያውቅ እዚህ መካከላችን አለ? የለም። አንዳንዳችሁማ እሷ በላከችው ልብስ አጊጣችሁ ነው የመጣችሁት። ስሟን ልቀይርና ዝናሽ ልበላት።

ዝናሽ ስትሄድ ልጇ ራኬብ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ይታይሽ የምትባል አክስቷ ጋ ትታት ሄደች። ዓርብ ዓርብ ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ዕረፍት አላት፤ በዚያች ሰዓት በአክስቲቱ ስልክ ትደውላለች። "ደህና ነሽ የኔ ልጅ?" "ደህና።" "ትምህርትስ?" "ደህና።" "በላሽ?" "በላሁ።" ከዚያስ? ከዚያማ ዝም ነው። እስቲ ንገሩኝ ወገኖቼ፣ እናቷን በስልክ ብቻ የምታውቅ ልጅ ምን ብላ ታውራ? ዝናሽ ስልኩን ትዘጋና "ይቺ ልጅ ረሳችኝ" እያለች ታለቅስ ነበር። ሦስት ዓመት እንዲህ ሄደ።

አንድ ቀን አሠሪዋ ዕቃ ቤቱን አስጸዳቻት። የሴትዮዋ ልጆች አድገው ትዳር ይዘዋል፤ የልጅነት ዕቃቸው በካርቶን ታጭቆ ቀርቷል። ከካርቶኑ ውስጥ ሁለት ጌሞች ወጡ። እነዚያ በእጅ የሚያዙት፣ በባትሪ የሚሠሩት የድሮዎቹ፤ ስክሪናቸው የክብሪት ቀፎ የሚያክል፣ ቀለም እንኳ የሌላቸው። ወንድማማቾቹ እንዳይጣሉ ለየብቻ የተገዛላቸው ነውና ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው። "ጣያቸው" አለቻት። ዝናሽ ግን ለምና ወሰደቻቸው። አንዱን ወደ አገር ለምትገባ ሴት አስይዛ ለራኬብ ላከች፣ አንዱን ለራሷ አስቀረች።

ጌሙ ምን መሰላችሁ? አንድ ሰውዬ እየዘለለ ገደል ይሻገራል፣ በቃ። ግን ይሄኛው ከሌላ ስመ ጥር ጌም የተቀነጠሰ ነው። በዋናው ጌም ላይ ጀግናው ሌላ ነው፤ ይሄ ሰውዬ እዚያ አንድ ቦርጫም በር ጠባቂ ነው፣ ጀግናው አናቱ ላይ ዘሎ ጨፍልቆት የሚያልፍ። እዚህኛው ላይ ያ በር ጠባቂ ባለተራ ሆኖ በራሱ መንገድ ይሄዳል። ራኬብ ይህን ከጓደኞቿ ሰምታ ለእናቷ ነገረቻት። "እማ፣ እሱ እኮ በዋናው ላይ ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው ነው!"

"እንዴ! እንደኔ ነዋ!" አለች ዝናሽ። ሰውዬውን ከዚያች ቀን ጀምሮ ወደደችው። ጋሽ ቦርጬ ብላ ስም አወጣችለት።

ከዚያ በኋላ የዓርቡ ስልክ ሌላ ሆነ። "ራኪ፣ ዛሬም ጋሽ ቦርጬ ገደል ገባብኝ!" "ስንት ጊዜ?" "ኧረ ተይኝ፣ አሥራ አንድ ጊዜ!" "ቸኩለሽ ነዋ እማ፣ መጀመሪያ ተንደርደሪ።" "አንቺስ የት ደረስሽ?" "እኔማ የበረዶው ተራራ ጋ ነኝ።" "ጎበዝ! የኔ አንበሳ!" በረኪና የላጠው አውራ ጣቷ ቁልፉን በተጫነች ቁጥር ያቃጥላታል፤ እሷ ግን ምን ገዷት! ልጇ እያወራቻት ነው። ልጇ እያስተማረቻት ነው። ከዚህ በላይ ምን ትፈልግ?

አንድ ዓርብ ላይ ዝናሽ የጌሙ መጨረሻ የሆነው ቤተ መንግሥት ደጃፍ ደረሰች። ልትገባ ስትል ራኬብ፣ "እማ፣ እንዳትገቢ! ካለፍሽው ፏፏቴ ጀርባ የተደበቀ በር አለ። በሱ ካላለፍሽ ጨረስሽ አይባልም" አለቻት።

ዝናሽ አልገባችም። ወደ ፏፏቴው ተመለሰችና በሩን ፍለጋ ጀመረች።

ሰባት ወር ፈለገች። "አጣሁት ልጄ።" "ወደ ግራ ሂጂ።" "ሄድኩ።" "እንግዲያው ጎንበስ ብለሽ ዝለይ።" "ዘለልኩ፣ ውኃ ውስጥ ገባሁ። ኧረ እኔስ ምን ዓይነት ደደብ ነኝ! ዓይኔም ሳይደክም አይቀርም።" በዚህ ጊዜ በወዲያኛው ጫፍ ሳቅ ይሰማታል። "ማነው የሚስቀው?" "ጓደኞቼ ናቸው፣ ሰላም እያሉሽ ነው።" "ውይ፣ ሰላም በያቸው የኔ ዓለም!"

ሰላም በያቸው። ሰማችሁ?

ዝናሽ በአምስተኛው ዓመት መጣች። ከእንግዲህ አልሄድም፣ ከልጄ ጋር እኖራለሁ ብላ፣ ጓዟን ጠቅልላ ነው የመጣችው። ራኬብ አሥራ አራት ዓመት ሆኗታል፤ ቁመቷ እናቷን በልጧል። በሦስተኛው ቀን፣ እንኳን ደህና መጣሽ የሚለው ሰው ቀለል ሲል፣ ዝናሽ ከቦርሳዋ ጌሟን አውጥታ ልጇ አጠገብ ቁጭ አለች። "በይ፣ በሩን አሳዪኝ። ያለ አንቺ አልገባም ብዬ እስካሁን አልጨረስኩትም።"

ራኬብ ጌሙን ተቀበለቻት። ገለበጠችው። አንዱን ቁልፍ ነካች፣ ሌላውን ነካች። "ባትሪ የለውም እንዴ?" አለች።

ባትሪ ነበረው። ማብሪያው ከላይ በስተግራ በኩል ነው። ያን ጌም ሁለት ዓመት የተጫወተ ሰው ጣቱ ሳያይ ይሄድበታል። ዝናሽ የልጇን ጣቶች አየች፤ ሲንከራተቱ አየች።

"ያንቺ ጌም የታለ?"

"እማ..."

"የታለ ነው የምልሽ!"

"በጫማ ለወጥኩት።"

"መቼ?"

"እንደላክሽልኝ። በሳምንቱ።"

ዝናሽ ልጇን ትክ ብላ አየቻት። "በሩስ?"

"በር የለም እማ። ዝም ብዬ ነው ያልኩሽ። ስልኩን ላውድ ላይ ሳደርገው ጓደኞቼ እነ ሶስና ይስቁ ነበር፣ ከዚያ..."

"እኔ እኮ ፈለግኩት" አለች ዝናሽ። "ሰባት ወር ሙሉ ፈለግኩት።"

አክስቲቱ ይታይሽ ከወዲያ ሆና፣ "አሁን ይሄ ምን ያስከፋል? የጌም ነገር፣ የልጅ ጨዋታ!" አለች። የጌም ነገር! ያቺ ሴት በሳምንት ያላትን አንዲት ሰዓት ነው የሰጠችው። ሌላ ምን ነበራት?

በስድስተኛው ሳምንት ዝናሽ ተመልሳ ሄደች። ከመሄዷ በፊት እኔ ዘንድ መጥታ ነበር። እኔም እንደ ልማዴ ስለ ይቅርታ ልነግራት ጀመርኩ። አላስጨረሰችኝም። "አባ፣ ይቅርማ ብያታለሁ፣ ልጄ አይደለችም እንዴ? ግን ከእንግዲህ ምን አወራታለሁ?" አለችኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የሰበከ አፌ ተያዘ። "ጸልዪ" አልኳት፤ ለማለት ያህል። እሷም ለማለት ያህል እንደሆነ ገባትና መስቀል ተሳልማ ወጣች። ያን ቀን ያፈርኩትን ዛሬም አልረሳውም።

አሁን እናንተ "ምን ያለች ክፉ ልጅ ናት!" እያላችሁ ነው። አያችኋለሁ፣ ራሳችሁን ትነቀንቃላችሁ። አትነቅንቁብኝ! ራኬብ ገና ልጅ ናት። እናንተ ግን ጢም አብቅላችኋል፣ ልጅ ወልዳችኋል።

ከመካከላችሁ ትምህርቱን ካቋረጠ ሁለት ዓመት የሆነው አለ፤ አባቱ ገጠር ሆኖ የምርቃቱን ቀን ይጠብቃል። "የቤቱ ጣሪያ ደርሷል" ብላ ለእህቷ የምትነግር አለች፤ መሠረቱ እንኳ አልተቆፈረም። እህትየው ግን ባሕር ማዶ ሆና የመጋረጃ ቀለም እየመረጠች ነው። "ቅዳሜ እመጣለሁ" ብላችሁ ለታመመች እናታችሁ የምትነግሩስ? እናንተ ቅዳሜን ስልኩን እንደዘጋችሁ ትረሱታላችሁ። እሷ ግን ቅዳሜ ጠዋት ፊቷን ታጥባ፣ ነጠላዋን ቀይራ ትቀመጣለች። እስከ ማታ ትቀመጣለች። ከዚያ "መንገድ ተዘግቶበት ይሆናል" ብላ ስለ እናንተ ለጎረቤት ትዋሻለች። እሷን ደግሞ ውሸታም አደረጋችኋት!

እናንተ ምን ደከማችሁ? አንዲት ቃል ተናገራችሁ፣ አለቀ። ያመናችሁ ሰው ነው የሚደክመው። ደግሞ ያላችሁትን ሲያጣው እናንተን አይጠረጥርም፤ ራሱን ነው የሚሰድበው። ዓይኔ ነው፣ ድንቁርናዬ ነው ይላል። ከዚህ የባሰ ግፍ አለ? እኔ አላውቅም።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ለንስሐ እኔ ዘንድ እንዳትሰለፉ። እኔ ምናችሁ ነኝ? እኔን አልዋሻችሁኝም። መጀመሪያ የዋሻችኋት እሷ ዘንድ ሂዱ። ትቆጣ፣ ታልቅስ፣ ትርገም፤ መብቷ ነው። ምን አወራችኋለሁ ብትላችሁም መልስ የላችሁም፣ እኔም አልነበረኝም። ቢሆንም ሂዱ። ወገኖቼ፣ እዚህ ተቀምጠን ስንነጋገር፣ በዚህች ደቂቃ፣ የአንዳንዳችሁ እናት የሌለ በር እየፈለገች ነው። ሄዳችሁ፣ በራሳችሁ አፍ፣ "የለም" በሏት።