የትርሲት ፍንጭት

የበደለኝ የጥርስ ሐኪሙ ዶክተር መክብብ ነው፤ ስሙን አልደብቅለትም። የልጅ ልጄን ትርሲትን ጥርሷን ቢያማት ወሰድኳት። መንጋጋዋን በሚዞር መሣሪያ ዙሪያውን ራጅ አነሳና፣ የራስ ቅሏን ኮምፒውተር ላይ እንደ እንዝርት እያሽከረከረ አሳየን። የታመመውን ሞላላት፤ እሰየው። ከዚያ ግን በሩን እንኳ ሳይዘጋ፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ እየሰማ፣ «ይህ ፍንጭት መልኳን አበላሽቶታል፤ በሽቦ እንዝጋው» አለ። ልጅቷ አፏን በመዳፏ ሸፈነች።

«ፍንጭቷ ከእኔ የወረሰችው ነው፤ ምን ጎደለው?» አልኩት።

«እማማ፣ ፊደል ሳይቆጥሩ ከመሣሪያ ጋር አይከራከሩ። ከፊት፣ ከኋላ፣ ከሥርም ያያል።»

«እሺ ጌታዬ። በሽታ አየባት?»

«የለም፣ ለውበቷ ነው።»

ወደ ኮምፒውተሩ ጠቆምኩ። «ታዲያ ይህ የራስ ቅል ቆንጆ ነው ወይስ መልከ ጥፉ?»

«አጥንት ምን ውበት አለው፣ እማማ?»

«እንግዲያው መልከ ጥፉ ያላት መሣሪያህ ሳይሆን ዓይንህ ነው። የአንተ ዓይን ሩብ ሰዓት አያት፤ የእኔ አሥራ አራት ዓመት።»

ወረፋው ሁሉ ሳቀ። ትርሲት ግን እጇን ከአፏ አላወረደችም።

በማግስቱ ጠዋት ፎቶ ቤት ወሰድኳት። እስክትስቅ ድረስ ፎቶ አንሺውን ስሰድበው ቆየሁና፣ ፍንጭቷ ብቅ ሲል «አሁን አንሳ» አልኩት።