የይርገዱ እንግዳ

ድሮ ድሮ፣ የሰው ድምፅ በቴፕ ክር ላይ ይጠመጠም በነበረ ዘመን፣ ቆባ ሜዳ በምትባል መንደር ይርገዱ የምትባል ሴት ነበረች። ርስት አልነበራትም። ልጅ አልነበራትም። ባል ግን ነበራት፤ ቢተው ይባላል። ቢተው በሬዎቹን እየነዳ እህል ሲያበራይ ያዜማል። ድምፁ ከአውድማው ተነሥቶ ወንዝ ይሻገር ነበር ይባላል።

ከዕለታት አንድ ቀን ከዩኒቨርሲቲ ሰዎች መጡ። የገጠር ዜማ እናጠናለን አሉ። ቢተውን አዘፈኑት፣ ቀዱት፣ አመስግነው ሄዱ። በዓመቱ ቢተው ሞተ። ይርገዱ ብቻዋን ቀረች።

እናንተ ነገ መቅረጫ ይዛችሁ ቆባ ሜዳ የምትወርዱ ልጆች፣ ይህን ታውቁታላችሁ። የቀረውንም የምታውቁት ይመስላችኋል። እኔ ያን ጊዜ በዩኒቨርሲቲው የድምፅ ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ፤ ከትምህርት ቤት ገና የወጣሁ ዓይነ አፋር። ስለ ይርገዱ ሲወራ ጥግ ይዤ ዝም የምለው ለምን እንደሆነ ዛሬ ልንገራችሁ።

ብቸኝነቱ ሲጠናባት ይርገዱ ተነሣች። ሄደች፣ ሄደች፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ደረሰች። ዘበኛው አስቆማት።

«ማንን ፈልገው ነው፣ እማማ?»

«ባሌን።»

«ተማሪ ነው ሠራተኛ?»

«ሙት ነው።»

«ኧረ በማርያም! እንግዲያው መንገድ ስተዋል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከታች ነው።»

አጠገቡ የቆሙት ሳቁ። ይርገዱ ተመለሰች። ሄደች፣ ሄደች፣ ቤቷ ገባች። እሳቷን ለብቻዋ አነደደች።

አዝመራው ደረሰ። አውድማው ተለቀለቀ። ሌሎች ወንዶች ማዜም ጀመሩ። ይርገዱ ጆሮዋን ይዛ ተቀመጠች፤ አልሆነላትም። ዳግመኛ ሄደች። አሁን ዘበኛው አፍሮ አስገባት። ቢተውን የቀዳው መምህር ደግ ሰው ነበር፤ ከመቀመጫው ተነሥቶ አስቀመጣት፣ ወረቀት አወጣ።

«የባልዎ ዘፈን ይኸው፤ አንድ ቃል አልጎደለም» አለና አነበበላት።

ይርገዱ እስከ መጨረሻው ሰማችው። «ግጥሙንማ መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ የኔ ልጅ። ይኼ ያንተ ድምፅ ነው። የሱ የት አለ?»

«እሱ ለጥናት የተቀመጠ ነው፤ ለሰው አይወጣም።»

ይርገዱ ተመለሰች። ሄደች፣ ሄደች፣ ቤቷ ገባች።

በሌላ ጊዜ ዩኒቨርሲቲው የአካባቢውን ሕዝብ ጠራ። ድንኳን ተተከለ። መምህሩ ባህላችሁን ጠብቀን አኑረናል አለ፤ ተጨበጨበ። ጥያቄ ያለው ሲባል ይርገዱ ከኋላ ተነሣች።

«ልጆቼ፣ ሴት ልጅ ስንድር አልቅሰን እንሰጣለን። ግን ለመልስ ትመጣለች፤ ፊቷን እናያለን፣ አብረን እንበላለን። እናንተ የወሰዳችሁት ድምፅ መልስ የለውም። እናንተ ምን ዓይነት አማቾች ናችሁ?»

ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ። ወዲያው ሳቁ ቀዘቀዘ። ሽማግሌዎቹ «እውነቷን ነው» አሉ። አንዲት ወጣትም «የአባቴ ሽለላስ የት ገባ?» ብላ ጮኸች። መምህሩ አቀርቅሮ ጠራኝና «ፈልጊላቸው» አለኝ።

ከመደርደሪያው የቢተው ስም ያለበትን ክር አወረድኩ። በክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ማዳመጫውን ከነጠላዋ ሥር አስገብቼ ጆሮዋ ላይ አደረግሁላት። ከእሷ በቀር የሚሰማ አልነበረም። ዓይኗን ጨፈነች። ፊቷ በራ። ከዚያ ቀስ ብሎ ጠቆረ። ቢሆንም እስከ መጨረሻው ሰማች።

ወጣችና ለሕዝቡ «ሰማሁት» አለች። እልል ተባለ። መምህሩ አለቀሰ። ከእንግዲህ የተቀዳ ድምፅ ሁሉ በየዓመቱ ወደ መንደሩ ወርዶ ይሰማል ብሎ በሕዝብ ፊት ቃል ገባ። የድምፅ መልስ የምንለው ያን ቀን ተጀመረ።

ይህን ሁሉም ያወራዋል። ወደ በሩ ስሸኛት ግን እጄን ያዘችኝ።

«እሱ አይደለም፣ ልጄ።»

«ምን አሉ?»

«የቆላ ሰው ነው። ስለ ግመል ነው የሚያዜመው።»

ያኔ ገባኝ። በዚያ ዘመን ክር አይገኝም ነበር። መምህራኑ ግጥሙን በወረቀት ከገለበጡ በኋላ በዚያው ክር ላይ፣ የተጻፈውን ስም እንኳ ሳይቀይሩ፣ ሌላ ሰው ይቀዱበት ነበር። ቃሉ ከተጻፈ ሰውየው የተቀመጠ ይመስላቸው ነበር።

«ልንገራቸው!» አልኳት።

አፌን በመዳፏ ከደነችው። «ጠፋ ከተባለ አፍረው በሩን ይዘጉታል። ያቺ የአባቷን ሽለላ የጠየቀችውስ? የሷ ይኖር ይሆናል። እኔ ካለፍኩ በኋላ እንደወደድሽ አድርጊ።»

የልጅቷ አባት ሽለላ ተገኘ። የብዙ ሰው ድምፅ ተገኘ። የቢተው ግን አልተገኘም። ቆባ ሜዳዎች ቢተውን አሰሙን ባሉ ቁጥር ይርገዱ «የኔ ባል ለኔ ብቻ ነው» ትላለች። መንደሩም «ባሏን ለጆሮ እንኳ ትሰስታለች» እያለ ያማት ነበር። ሐሜቱን ችላ ኖረች።

በየዓመቱ አዝመራ ሲገባ ትመጣለች። ያንኑ ክር ትጠይቀኛለች። እሷ እሱን ትሰማለች፤ እኔ እሷን አያለሁ። አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኋት።

«እማማ፣ እሳቸው ካልሆኑ ለምን ይመጣሉ?»

«የዚህ ሰው አገሩ ተጽፏል?»

«አልተጻፈም።»

«ታዲያ ማን መጥቶ ይጠይቀው? እኔም ሰው የለኝ፣ እሱም ሰው የለው። እንግዳዬ አድርጌዋለሁ።»

በድምፅ መልስ ቀን፣ የማንም ዘመድ ከመሰማቱ በፊት፣ ባለቤቱ ያልታወቀ ድምፅ ይቅደም ብላ የለመነች እሷ ናት። እስከ ዛሬ እንዲህ ያለውን ባለቤት አልባ ድምፅ ሁሉ ሕዝቡ ቆሞ ይሰማዋል፤ «የይርገዱ እንግዳ» ይለዋል። ለምን እንዲህ እንደተባለ ግን የሚያውቅ የለም።

ይርገዱ አምና አለፈች። ቆባ ሜዳም አሁን የምትሰስት የለችምና የቢተውን ድምፅ አምጡልን ብላ ላከች። ስሙ የተጻፈበት ክር ይኸው። ይዛችሁት ውረዱ፤ ነገር ግን ቢተው ነው አትበሉ። እውነቱን ንገሯቸው፤ ከዚያም ቆማችሁ አብራችሁ ስሙት።

ተረቴን ለእኔ አትመልሱልኝ። ለቆባ ሜዳ መልሱ።