ሃያ አንደኛዋ አባል

እጅ ጽሑፌ ስለማያምርና ፊደልም ስለምሳሳት ይቅርታ አድርጉልኝ። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ብቻ ነው።

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ማኅበር በከተማችን ቤተ መጻሕፍት ጠቅላላ ጉባኤ ጠራ። ሊቀመንበሩ አቶ ድንበሩ፣ የተማሪ መታወቂያ የሌለው ሰው ወደ ንባብ ክፍሉ እንዳይገባ ሊያስወስኑ ነበር። ትምህርት ያቋረጥነው ደግሞ ሌላ ማንበቢያ ቦታ የለንም። እኔ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆኜ እሰማለሁ።

ጉባኤው የሚሟላው ሃያ አንድ አባል ሲገኝ ነው፤ ድምፅ እኩል ከተከፈለ ደግሞ የሊቀመንበሩ ወገን ያሸንፋል። የመጡት ግን ሃያ ናቸው። አቶ ድንበሩ ወለል የምትወለውለውን ሴትዮ ጠሩና፣ "አንቺ፣ መወልወያሽን አስቀምጪና እዚህ ወንበር ላይ ተቀመጪ። ብቻ እንዳትናገሪ" አሏት። ተቀመጠች። ጸሐፊው በቃለ ጉባኤው ላይ "ሃያ አንድ አባላት ተገኝተዋል" ብሎ ጻፈ።

ድምፅ ሲሰጥ አሥር ደገፉ፣ አሥር ተቃወሙ። ሴትየዋም ሳትናገር ከተቃወሙት ጋር እጇን አወጣች።

"አውርጂ" አሉ አቶ ድንበሩ። "አንቺ አባል አይደለሽም።"

"እሺ ጌታዬ" አለች። "አባል ካልሆንኩ ጉባኤው አልተሟላምና ውሳኔ የለም። አባል ከሆንኩም አሥራ አንድ ለአሥር ተሸንፈዋል። የሚሻልዎትን ይምረጡና ወለሌን ልጨርስ።"

አቶ ድንበሩ ወደ ጸሐፊው ዞሩ።

"በእስክሪብቶ ነው የጻፍኩት" አለ ጸሐፊው።

የውሳኔ ሐሳቡ ወደቀ። ሰዎች ይህን ሲያወሩ "ሴትየዋ ማን ናት?" ብለው ይጠይቁኛል። አላውቃትም እላለሁ። እናቴ መሆኗን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።