ማንንም አላስቸገርኩም

አንዲት እናት የልጇን ሻንጣ እያዘጋጀች ነው። ክረምት ነው። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከቤት ርቃ ስታድር የመጀመሪያዋ ነው። ከሆሳዕና ተነስታ ሀዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ወደሚደረገው የቤተ ክርስቲያን የልጆች ካምፕ ልትሄድ ነው፤ ለስድስት ቀን። እናትየው ሹራብ ትከታለች፣ ታወጣለች፣ ደግሞ መልሳ ትከታለች።

መኪናው በር ላይ ጥሩምባ ሲነፋ የልጇን አገጭ ይዛ ምን አለቻት መሰላችሁ? «ኤፍራታዬ፣ አደራሽን፣ ሰው እንዳታስቸግሪ። ደህና ነሽ ወይ ሲሉሽ፣ ደህና ነኝ እግዚአብሔር ይመስገን በይ። እንዳታሰድቢኝ።»

ምን ክፋት አለው? እኛስ ለልጆቻችን ይህንኑ አይደል የምንላቸው?

ኤፍራታ ጨዋ ልጅ ናት፤ የተባለችውን ያዘች።

በሁለተኛው ቀን ሆዷን አመማት። ቁርስ አልበላ አላት። እዚያ ካምፕ ልጆቹ ጠዋት ጠዋት ይሰለፋሉ፣ የካምፑ መሪ በፊታቸው እያለፈ ይጠይቃቸዋል። «ኤፍራታ፣ ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» መሪው አለፈ።

በሦስተኛው ቀን ፊቷ ገርጥቷል፣ ሰውነቷ ያተኩሳል። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» መሪው አለፈ። ሌሎቹ ኳስ ሲጫወቱ እሷ ድንኳን ውስጥ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። በአራተኛው ቀን ሰልፉ ላይ ወደቀች።

አፈፍ አድርገው ሆስፒታል ወሰዷት። መሪው ለእናትየው ደወለ። እንዴት እንደነገራት ስሙልኝ፤ «እህት አበራሽ፣ ኤፍራታን ትንሽ አሟታል። አይዞሽ፣ አትደንግጪ። ብቻ... ብትመጪ ጥሩ ነው።»

አያችሁ፣ አሁን አንገታችሁን ነቀነቃችሁ። በእኛ አገር «ትንሽ አሟታል፣ ብትመጪ» የተባለ ሰው ምን እንደሚያስብ ታውቃላችኋ! መርዶ ስንደብቅ የምንለው ይህንኑ አይደል?

«ድምጿን አሰማኝ!» አለች። «አሁን ሐኪም እያያት ነው።» «ድምጿን አሰማኝ እልሃለሁ!» «ደህና ናት፣ እህት አበራሽ፣ ደህና ናት።» ማን ይመን? በቃ፣ ልጄ የለችም ብላ ወጣች። እሳት ላይ ወጥ ጥዳ እንደነበር ትዝ ያላት ሃላባ ስትደርስ ነው። ሚኒባሱ ሰው ለማውረድ በቆመ ቁጥር ትነሳለች፣ ትቀመጣለች፣ ሹፌሩን «ወንድሜ፣ ስለ እግዚአብሔር ንዳው!» ትላለች። ስልኩን ትደውላለች፣ መልሱን ሳትሰማ ትዘጋዋለች። አጠገቧ የተቀመጡ ሽማግሌ ጨነቃቸውና «ልጄ፣ ደህና ነሽ?» አሏት።

ምን አለች? «ደህና ነኝ አባቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ሆስፒታል ስትደርስ ልጇ በሕይወት አለች። ዓይኗ ግን ገብቷል፣ ከንፈሯ ደርቋል። ሐኪሙ ሆዷን ይጫናል፤ «እዚህ ያምሻል?» «ደህና ነኝ።» «እዚህስ?» ጥርሷን ነክሳ፣ «ደህና ነኝ።» ደም ተወስዷል፣ ውጤቱ አልመጣም፤ ሐኪሙ ታይፎይድ ይሁን ሌላ አልለየለትም።

ኤፍራታ እናቷን ስታይ መጀመሪያ ያለችውን ልንገራችሁ? «እማዬ፣ ማንንም አላስቸገርኩም።»

እህቶች፣ ሆዳችሁ ይችላል ይህን? እናትየውስ አልቻለችም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተንበረከከች። «በሞትኩት ልጄ! እኔ ደህና አይደለሁም። ስመጣ መንገዱን ሙሉ ስንቀጠቀጥ ነው የመጣሁት። ሰው ሲጠይቀኝ ዋሸሁ። ደህና አይደለሁም። አንቺስ?»

ልጅቷ እናቷን አየቻት። ሐኪሙን አየችው። ከዚያ እጇን በቀኝ በኩል ሆዷ ላይ አድርጋ፣ «እዚህ ጋ። በጣም ያመኛል እማዬ» አለችና፣ በአራተኛው ቀን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።

ትርፍ አንጀት ነበር። ወዲያው ወደ ቀዶ ጥገና አስገቧት። ሐኪሙ በኋላ፣ «እስከ ነገ ብትቆይ ኖሮ እኔም አላውቅም» አለ። ድናለች፣ ተመስገን። አሁን ስምንተኛ ክፍል ናት።

እኔ ግን ያ ነገር እስካሁን አላስቀመጠኝም። ለምን? ያ የካምፑ መሪ እኔ ነኝ። ሁለት ጠዋት ጠየቅኳት፣ ሁለት ጠዋት አለፍኳት። ፊቷን አላየሁም፤ መልሷን ቀድሜ አውቀዋለሁና። ጠየቅሁ ለማለት ነበር የጠየቅሁት።

ወገኖቼ፣ እናንተስ? ትዳሩ ከፈረሰ ስድስት ወር የሆነው እዚህ መሃላችሁ ተቀምጧል፤ ዛሬ ጠዋት በር ላይ «ደህና ነኝ» ብሎኝ ገብቷል። ልጇ ከቤት የጠፋባት እናት «ተመስገን» ብላኝ ገብታለች። ተንበርክከን ስንጸልይ እንኳ፣ ሁሉን ለሚያየው አምላክ፣ ያመመንን ትተን ያማረውን እንነግረዋለን። እሱንም እንዳናስቸግረው ነው? ምስጋናችሁን አልጠላሁም፤ አመስግኑ! ግን ምስጋናን ቁስል መሸፈኛ ማን አደረጋት? እኛ ነን። ለልጆቻችንም ያስተማርናቸው እኛው ነን። የምንጠይቀውም፣ ጠይቀን የምናልፈው እኛው ነን።

ዛሬ ስትወጡ በር ላይ እቆማለሁ። እጃችሁን ይዤ «ደህና ናችሁ?» እላለሁ። ደህና የሆነ ደህና ነኝ ይበለኝ፣ አብረን እናመሰግናለን። ያልሆነ ግን፣ በእናቱ ይዤዋለሁ፣ አይዋሸኝ። «እዚህ ጋ ያመኛል» ይበለኝ። አላልፈውም። ከኋላ ያለው ሰልፍ ይጠብቃል።