ሁለት ሰርቨር፣ አንድ ዘርይሁን

ወገኖቼ፣ አንድ ሰው ነበረ። ሥራው በአንዲት ትንሽ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ሰርቨር መጠበቅ ነው። ሰርቨር ስል ግራ እንዳትጋቡ፤ የበሽተኛው ሁሉ ካርድ የሚቀመጥበትን ማሽን ማለቴ ነው። ማን መቼ ታከመ፣ ምን ወሰደ፣ የትኛው መድኃኒት አይስማማውም፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ሰውየው ዘርይሁን ይባላል። ጠዋት ሲገባ ከሰው በፊት ማሽኑን «እንዴት አደርክ» ይለዋል ብለው ያሙት ነበር። ሐሜቱ እውነት ነበር።

ይህ ዘርይሁን አንድ ጭንቀት ነበረው። ማሽኑ አንድ ብቻ ነው፤ ማሽን ደግሞ አንድ ቀን ይቆማል። ስለዚህ ለቦርዱ አመለከተ። ሁለተኛ ይገዛልኝ፣ የመጀመሪያው የጻፈውን ሁሉ እግር በእግር እየተከተለ ይገለብጣል፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይቀጥላል አለ። ቦርዱስ ምን አለ? «አንዱ አለ አይደል? ለምን ሁለት?» አለው። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። የአምቡላንሱ ጎማ አልቋል፣ የማዋለጃ ክፍሉ ጣሪያ ያፈስሳል። ሥራ ፈቶ ለሚጠብቅ ማሽን ያን ያህል ብር ማውጣት ለማን ይዋጥለታል?

ዘርይሁን ሁለት ዓመት ለመነ። ሦስት ግዙልኝ፣ አራት ግዙልኝ አላለም፤ አቅማቸውን ያውቃል። «ከሁለት በላይ ለእኛ ቅንጦት ነው፣ ከሁለት በታች ግን ድፍረት ነው» ይል ነበር። በመጨረሻ ተገዛለት። እሳትም ሆነ ውሃ ሁለቱን በአንድ ቀን እንዳያገኛቸው ብሎ ሁለተኛውን ከግቢው ማዶ፣ ፋርማሲው አጠገብ፣ በተለየ የመብራት መስመር አስቀመጠው። ያን ቀን ለሠራተኛው ሁሉ ሻይ ጋበዘ። የዘርይሁን ግብዣ ለሳምንት ወሬ ሆነ።

አሁን ልብ በሉ። በካርድ ክፍሉ ጡረታቸው የደረሰ ወይዘሮ አልጋነሽ የሚባሉ ሴት ነበሩ፤ ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት የከተማውን ሰው ካርድ በእጃቸው የጻፉ እሳቸው ናቸው፤ የድሮው ወረቀት ወደ ማሽኑ ተገልብጦ ተወግዷል። ማሽኑ ጠፍቶ በተነሣ ቁጥር የሚስጥር ቃል እንደሚጠይቅ አይተዋልና አንድ ቀን መጡ።

«ዘሩ፣ ያን ቃል ከአንተ ሌላ ማን ያውቀዋል?»

«ማንም አያውቀውም።»

«ለበላይነሽ ንገራት እንጂ። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት፣ እጇም አፏም የታመነ ነው።»

ዘርይሁን ሳቀ። «እትዬ፣ እኔ አለሁ አይደል? ለምን ሁለት ሰው?»

ሰማችሁት? ሁለት ዓመት ሲያንገበግበው የኖረው ቃል ከራሱ አፍ ወጣ! ሁሉን ነገር ሁለት ያደረገ ሰው ራሱን አንድ አስቀረ። ለምን? ማስተማር ጊዜ ይወስዳል። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፣ በሰው መፈለግ ደስ ይላል። «ያለ ዘርይሁን እኮ አይሆንም» ሲባል ደረቱ ይነፋ ነበር። እኛስ አይነፋም?

አንድ ማክሰኞ መብራት ከንጋት ጀምሮ ጠፋ፤ የማሽኖቹም ባትሪ አለቀ። ረፋድ ላይ መብራቱ በኃይል ተመለሰና የመጀመሪያውን ማሽን አቃጠለው። ሁለተኛው ግን እንደታሰበለት ደህና ተነሣ። የሚስጥር ቃሉንም ጠየቀ።

ዘርይሁን የት ነበር? ካደረ የሆድ ሕመም ጋር «ጨጓራዬ ነው» እያለ ሲታገል ነግቶበት፣ ወደ ማሽኑ ሲሮጥ የሆስፒታሉ በር ላይ ወደቀ። ትርፍ አንጀቱ ፈንድቷል። ትኩሳቱ ያቃዠዋል፣ ሰው አይለይም። ባለቤቱ ለቅሶ ብላ ገጠር ሄዳለች፣ ስልክ አይገባም። ዶክተር ፍሬሕይወት ቀዶ ጥገናው ይዘጋጅ አለች፣ ከዚያ በፊት የሚወጋው ፔኒሲሊንም ታዘዘ። «ካርዱን እዩልኝ፣ የማይስማማው ነገር አለ ወይ?» ብላ ወደ ታች ላከች።

በላይነሽ ማሽኑ ፊት ተቀመጠች። ካርዱ አለ፤ ተገልብጦ፣ ተጠብቆ፣ አንዲት ፊደል ሳትጎድለው አለ። መክፈቻውን የሚያውቀው ሰው ግን ፎቅ ላይ ተኝቶ ይቃዣል። ልጅቷ አለቀሰች።

ወይዘሮ አልጋነሽ ይህን ሲያዩ ተነሡ። በዚያ ባረጀ ጉልበታቸው ደረጃውን ወጡት። ነርሷ መርፌውን ይዛ ክንዱን ስታብስ ደረሱ።

«ዶክተር፣ ፔኒሲሊን እንዳትሰጪው» አሉ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ጥርሱን ታሞ ተወግቶ፣ ጉሮሮው አብጦ ሊሞትብን ነበር። ካርዱ ላይ በቀይ እስክርቢቶ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

መርፌው ተመለሰ፣ መድኃኒቱ ተቀየረ። ዘርይሁን ተረፈ።

በሦስተኛው ቀን ዐይኑን ሲገልጥ ወይዘሮ አልጋነሽ አጥሚት ይዘው አጠገቡ ተቀምጠዋል። የሆነውን ሁሉ ነገሩት። ሳያፍር አለቀሰ፣ እጃቸውንም ይዞ ሳመ።

«እትዬ፣ የእኔ ሁለተኛ ቅጂ እርስዎ ጋር ነበር ለካ» አላቸው።

«እኔም ጡረታ ልወጣ ነው» አሉት። «በል አሁን በላይነሽን ልጥራልህ።»

ጠሩለት፣ ቃሉንም ነገራት። ለካስ ቃሉ ሚስቱን የሚጠራበት የቁልምጫ ስም ኖሯል። አፍሮ ነበራ! ያን ሁሉ ጊዜ ከኩራቱ ሌላ ይህችም ሐፍረት ነበረችበት።

ምእመናን፣ እናንተስ? ለክፉ ቀን ብላችሁ ውሃ በጀሪካን ቀድታችኋል፣ የቤታችሁን ቁልፍ ሁለት አስቀርጻችኋል። ደግ አድርጋችኋል። በልባችሁ ያለውንስ ለማን ገለበጣችሁት? እናት ሆይ፣ የልጅሽን መድኃኒት ሰዓት ካንቺ ሌላ ማን ያውቃል? አባቴ፣ እንቅልፍ የነሣህን ነገር አብራህ የምትተኛው ሚስትህ ታውቀዋለች? «እኔ አለሁ አይደል» ያላችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? እኔም አንዱ ነኝ። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ዛሬም ኪሴ ውስጥ ነው፤ ሳቁብኝ።

ያስከፍላል፣ አልዋሻችሁም። ሰውን ማስገባት ጊዜ ያስከፍላል፣ ትንሽ ሐፍረትም ያስከፍላል። ለአገር ሁሉ አውሩ አላልኩም፤ እሱ ለእኛም ቅንጦት ነው። ለአንድ ሰው ግን ንገሩ። ሁለት ከሆናችሁ ይበቃል።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ያን ሰው ጥሩት። የምታፍሩበት ስም ቢሆንም ንገሩት። በወደቃችሁም ቀን፣ የእናንተን ነገር በቀይ እስክርቢቶ ጽፎ ደረጃውን የሚወጣላችሁ ሰው እግዚአብሔር አያሳጣችሁ።